ኮምፒውተሬን ከግድግዳው ጀምሬ ገጠምኩት

የምተዳደረው የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት በማድረግ ነው። የምሠራው አራት ኪሎ ተከራይቼ በምኖርበት ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው። ዕቃ መርጣችሁ ዴስክቶፕ ልትገጥሙ ያሰባችሁ ካላችሁ ይህ ለእናንተ ነው። እኔ ሁለት ጊዜ ገዝቼ የተማርኩትን እናንተ አንድ ጊዜ ገዝታችሁ ብትገላገሉ ደስ ይለኛል።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ነበር፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የግንቦት ሰርግ እየሠራሁ ነበር፤ የሰርጉን ቀን ጨርሼ መልሱን ጀምሬያለሁ። መብራት ሄደ። የለመድነው ነገር ስለሆነ ሻማ ለኩሼ ቁጭ አልኩ። ከ20 ደቂቃ በኋላ መጣ፣ ወዲያው ጠፋ፣ እንደገና መጣ። በዚህኛው ከጠረጴዛው ሥር ጧ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀጥሎ ሽታው መጣ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክና የከረመ ዓሣ የተቀላቀለበት ዓይነት። እየተንቀጠቀጥኩ ስፒናውን ነቀልኩ።

ከሶኬቱ ኤሌክትሪክ ተቀብሎ ለሌላው ዕቃ የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ ብቻውን ቢሞት ዕዳው ገብስ ነበር። ዕቃው ሁሉ የሚሰካበትን ማዘርቦርድና ሃርድ ዲስኩን ይዟቸው ሄደ። የሰርጉ ቀን ቪዲዮ በኤክስተርናል ዲስክም ነበረኝ። መልሱ ግን የነበረው እዚያ ዲስክ ላይ ብቻ ነው፤ ሚሞሪ ካርዶቹን ለሌላ ሥራ ፎርማት አድርጌያቸዋለሁ። የተበላሸ ዲስክ የሚከፍት ባለሙያ ጋ ወሰድኩት። የዲስኩ ሰርኪት ተቃጥሏል፣ የሚመሳሰል ቦርድ ፈልጌ አጣሁ አለኝ። በመልሱ ላይ የሙሽራዋ አያት ቆመው ሲመርቁ ቀርጬ ነበር። የሙሽራዋ እናት ቤቴ ድረስ መጥተው "ልጄ፣ ሌላው ይቅር፣ የእማማን ምርቃት ብቻ ብታወጪልኝ" አሉኝ። የምመልሰው ጠፋኝ።

በማግስቱ የሞተውን ፓወር ሰፕላይ በካቻቢቴ ፈትቼ አወጣሁት። ከኬዙ፣ ዕቃው ሁሉ ከሚገባበት ሳጥን፣ ጋር የመጣ ነው፤ ሻጩ "ፓወሩ በነጻ ነው" ሲለኝ ደስ ብሎኝ ነበር የወሰድኩት። ጎኑ ላይ በትልቁ 500 ዋት ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ በደቃቃ ፊደል አንድ ሠንጠረዥ አለ። ስገዛው አንድም ጊዜ አላየሁትም። የ12 ቮልት መስመሩ 16 አምፒር ይላል። 12 በ16 ሲባዛ 192 ነው። ፕሮሰሰርና ግራፊክስ ካርድ የሚመገቡት በዚህ መስመር ስለሆነ፣ 500 ብዬ የገዛሁት ዕቃ ለዋናው ሥራ የሚያቀርበው 192 ዋት ብቻ ነበር። በእጄ ሳነሳው ባዶ ቆርቆሮ የያዝኩ ነው የመሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተር ልገጥም ነው ለሚለኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው። ከግድግዳው ጀምሩ። ብዙ ሰው ከግራፊክስ ካርድ ይጀምርና በተረፈችው ብር ፓወር ሰፕላይ ይገዛል። እኛ ከተማ ውስጥ ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት። መጀመሪያ ሶኬቱ፣ ከዚያ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ፣ ከዚያ ፓወር ሰፕላዩ። ሌላው ዕቃ የሚመረጠው እነዚህ ካለቁ በኋላ ነው።

ስለ ሶኬቱ ልንገራችሁ። በድሮው ኮምፒውተር ላይ በባዶ እግሬ ሆኜ የኬዙን ብረት ስነካ ይነዝረኝ ነበር። ኃይለኛ አይደለም፣ ጉንዳን እንደሚቆነጥጥ ያለ ነው። ኮምፒውተር ሁሉ እንዲህ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ረብሻ የሚያጣሩ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ። እነሱ ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ ኬዙ ያሳልፋሉ። ግራውንድ፣ ማለትም መሬት ውስጥ የሚገባ ሽቦ፣ ካለ ያ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ከሌለ ኬዙ ላይ ቆይቶ እጃችሁን ይጠብቃል። ሰፈራችን ያሉትን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠራሁ። ጋሼ ሶኬቱን ፈተው ወደ ውስጥ አዩና "ልጄ፣ እዚህ ቤት ግራውንድ የሚባል ነገር ኖሮም አያውቅ" አሉኝ። ከቆጣሪው የሚመጣው ሁለት ሽቦ ብቻ ነው።

የእናንተንም እዩት። ክቡ ሶኬት ውስጥ ከላይና ከታች የብረት ምላስ ከሌለ ግራውንድ የለውም። ምላሱ ኖሮም ከጀርባው ሽቦ ላይኖር ይችላል፣ ስለዚህ ባለሙያ ይፈትሽላችሁ። እኔ አከራዬን አስፈቀድኩ። ጋሼ ግቢው ውስጥ የመዳብ ዘንግ ቀብረው ቢጫና አረንጓዴውን ሽቦ እስከ ጠረጴዛዬ ሳቡልኝ። መንዘሩ በዚያው ቀረ። ሌላ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር፣ ሦስት እግር ያለውን ገመድ በሁለት እግር አዳፕተር ወይም በርካሽ ዲቫይደር ከሰካችሁት ግራውንዱ እዚያው ይቋረጣል። ጋሼ የደከሙበት ሁሉ ከንቱ ይሆናል ማለት ነው።

ዩፒኤስ ስትገዙ ፊት ለፊቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ዋት አይደለም። 650 ቪኤ የሚል ዩፒኤስ ብዙውን ጊዜ የሚሸከመው ከ360 እስከ 390 ዋት ነው። ጀርባው ላይ ያለውን ዋት አንብቡ። ሰዓታት እንዲያቆያችሁም አትጠብቁ። የሚፈለገው ሥራውን ሴቭ አድርጎ በሥርዓት ለማጥፋት የሚበቃ 5 ወይም 10 ደቂቃ ነው። አሁን ያሉት ደህና ፓወር ሰፕላዮች አክቲቭ ፒኤፍሲ የሚባል፣ ከሶኬቱ የሚወስዱትን ኤሌክትሪክ የሚያስተካክል ክፍል አላቸው። አንዳንድ ርካሽ ዩፒኤስ ባትሪ ላይ ሲሆን የሚያወጣው ሞገድ ከዚህ ጋር አይስማማም፤ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ ኮምፒውተር አሰክታችሁ፣ ስፒናውን ከግድግዳ አስነቅላችሁ እዩ። የሚፈጀው አንድ ደቂቃ ነው። ሻጩ ቅር ቢለውም አስደርጉት።

ለፓወር ሰፕላዩ ጊዜ ሰጠሁት። ሂሳቡን መጀመሪያ በወረቀት ሠራሁ። ያሰብኩት ፕሮሰሰር ሲበዛ 117 ዋት ይወስዳል። ግራፊክስ ካርዱ 170። ለዲስክ፣ ለፋን፣ ለማዘርቦርድ 60 ብል ድምሩ 350 አይሞላም። 550 ዋት ይበቃኝ ነበር፤ ለነገ ብዬ 650 ወሰድኩ። ሠንጠረዡ ላይ 12 ቮልቱ 54 አምፒር ይላል። ሲባዛ 648። ስሙና ሥራው ተገናኙ ማለት ይህ ነው። 12 ቮልቱ ከጠቅላላው ዋት ጋር ተቀራራቢ ካልሆነ መልሱለት። 80 ፕላስ ብሮንዝ የሚለው ምልክት ጥሩ ነው፣ ግን የሚናገረው ኤሌክትሪክ ሳያባክን መጠቀሙን ነው፤ ከአደጋ መጠበቁን አይደለም። ጥበቃው ካርቶኑ ላይ ኦቪፒ (ቮልቴጅ ሲበዛ)፣ ኦፒፒ (ጭነት ሲበዛ)፣ ኤስሲፒ (ሾርት ሲያደርግ) ተብሎ ይዘረዘራል። ገመዱ የሚነቀል ዓይነት ከሆነ ደግሞ የሌላ ፓወር ሰፕላይ ገመድ ገባ ብላችሁ አትሰኩበት። ጫፉ አንድ ዓይነት ሆኖ የውስጥ አደራደሩ ሊለያይ ይችላል፣ ዲስክ ያቃጥላል።

ዋጋ የማልጽፈው ሆን ብዬ ነው። ኮምፒውተሬ በተቃጠለበት በዚያው ሐምሌ፣ በ22ኛው ቀን፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ በኋላ የጠዋትና የከሰዓት ዋጋ የሚለያይበት ጊዜ አይቻለሁ። ፒያሳም ብዙው ክፍሏ በዚያው ዓመት ስለፈረሰ የማውቃቸው ሱቆች ተበትነዋል። ሥራዬ ብዬ ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወርጄ ስታዲየም ዙሪያ፣ ከዚያ ሜክሲኮ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ቦሌ መድኃኔዓለም እየዞርኩ ዋጋ ስጠይቅ ከረምኩ። የዕቃውን ሙሉ ስም፣ ከነመጨረሻዋ ፊደል፣ ደብተር ላይ ጻፉ። ሦስት ሱቅ ሳትጠይቁ አትክፈሉ። ቴሌግራም ላይ የሚለጠፈው ዋጋ መነሻ ይሁናችሁ እንጂ ሳታዩ ብር አትላኩ።

የፊደሏን ነገር ያነሳሁት በምክንያት ነው። ኮር አይ5 12400 እና 12400ኤፍ የሚባሉ ፕሮሰሰሮች አሉ። ሁለቱም 6 ኮር፣ 12 ትሬድ ናቸው። ኤፍ ያለው የራሱ ግራፊክስ የለውም፣ በዋጋም ይቀንሳል። ሻጩ "እህቴ፣ ኤፉን ውሰጂ። ግራፊክስ ካርድ ትገዢ የለ? ለማትጠቀሚበት ለምን ትከፍያለሽ?" አለኝ። ለጌም ለሚገዛ ሰው ምክሩ ልክ ነው። ለእኔ ሥራ ግን አይሆንም። አብረውኝ የሚሠሩት ቀራጮች የሚያመጡት የሶኒ ካሜራ ፋይል ኤችኢቪሲ 4:2:2 ባለ 10 ቢት የሚባል፣ ለኮምፒውተር የሚከብድ የቪዲዮ ዓይነት ነው። ግራፊክስ ካርድ የሚሠራው ኢንቪዲያ ይህን ዓይነት ፋይል በካርዱ ውስጥ መፍታት የጀመረው አርቲኤክስ 50 በሚባሉት ካርዶቹ ነው። የእነዚህ ፕሮሰሰሮች አምራች ኢንቴል ግን ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ በፕሮሰሰሩ ግራፊክስ ይፈታዋል፣ ኩዊክ ሲንክ ይሉታል። ይህን ሳላውቅ ኤፉን ወስጄ ቢሆን ኖሮ ኤዲት በማደርግበት ፕሪሚየር ላይ እያንዳንዱ ክሊፕ እየተንገዳገደ ነበር የሚሄድልኝ። ሌላም ጥቅም አለው፤ ግራፊክስ ካርዱ አንድ ቀን ቢሞት ሞኒተሩን ማዘርቦርዱ ላይ ሰክቼ ሥራዬን እቀጥላለሁ።

ከሥራችሁ ተነሱ የምለው ለዚህ ነው። ኦፊስና ኢንተርኔት ብቻ ከሆነ አይ3 12100 ይበቃል፣ ግራፊክስ ካርድም አያስፈልግም። ከሌላው የፕሮሰሰር አምራች ከኤኤምዲ በኩል ራይዘን 5 5600ጂ ግራፊክስ አለው፣ 5600 የለውም። እዚህም አንዲት ፊደል ናት። በጀታችሁ በጣም ጠባብ ከሆነ ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ፣ እነ ኦፕቲፕሌክስና ኤሊትዴስክ፣ ለቢሮ ሥራ ጥሩ ናቸው። ብዙዎቹ ግን ፓወር ሰፕላያቸውና ማዘርቦርዳቸው ለራሳቸው ብቻ የተሠራ ስለሆነ ነገ ላሳድገው ስትሉ መንገዱ ይዘጋባችኋል።

ማዘርቦርድ ላይ ሁለት ነገር ይስማማ። የፕሮሰሰሩ መቀመጫና የራሙ ዓይነት። 12400 የሚቀመጠው ኤልጂኤ 1700 ላይ ነው። በዚህ መቀመጫ ላይ ዲዲአር4 የሚወስዱም ዲዲአር5 የሚወስዱም ቦርዶች አሉ፣ ሁለቱንም በአንድ ስሎት የሚቀበል ግን የለም። ጎድጎዱ ስለሚለያይ አይገባም፣ አትታገሉት። እኔ ቢ660 ባለ ዲዲአር4 ወሰድኩ። አራት የራም ስሎትና ሁለት ኤም.2 የሚባል የኤስኤስዲ (ፈጣን ዲስክ) መሰኪያ ስላለው ነው የመረጥኩት።

ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ሻጩ የመቀመጫውን ጥቁር ፕላስቲክ ክዳን እንዲያነሳላችሁ ጠይቁ፣ የስልካችሁን መብራት ከጎን አብሩበት። 1,700 ፀጉር የሚያካክሉ ፒኖች ታያላችሁ። ስልኩን ቀስ ብላችሁ ስታዞሩት ሁሉም በአንድ ላይ ማብረቅ አለባቸው፣ ንፋስ የነካው የጤፍ ማሳ ወደ አንድ ጎን እንደሚያዘነብለው። እኔ በመጀመሪያው ቦርድ ላይ አንድ ጥግ አካባቢ ሳታበራ የቀረች ነጥብ አየሁ። ጠጋ ብዬ ሳያት አንዲት ፒን ጎብጣ ጎረቤቷ ላይ ተኝታለች። ሻጩም ከእኔ ጋር ጎንበስ ብሎ አየና ያለ ጭቅጭቅ ሌላ አወጣልኝ። ቤት ወስጄው ቢሆን ኖሮ ማን እንዳጎበጣት ማን ያምነኛል?

ራም 32 ጊጋ፣ ሁለት 16 ገዛሁ። አንድ ብቻውን ከሚሆን ሁለት መሆኑ ይሻላል፣ ፍጥነቱን በሁለት መንገድ ያገኛል። አራት ስሎት ባለው ቦርድ ላይ ከፕሮሰሰሩ ወዲህ ስትቆጥሩ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ሰኩ። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ገብታችሁ ራሙን በተሸጠበት ፍጥነት የሚያሠራውን ኤክስኤምፒ ካላበራችሁ 3200 ተብሎ የተሸጠላችሁ ራም በ2666 ወይም በ2400 ሲሠራ ይኖራል፣ እናንተም አታውቁም።

ኤስኤስዲ ላይ ኤም.2 የሚለው ቅርጹን ነው እንጂ ፍጥነቱን አይደለም። ሳታ የሆነ ኤም.2 አለ፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 550 ሜጋባይት አካባቢ ያበቃል። ኤንቪኤምኢ የሆነው ሦስተኛው ትውልድ እንኳ እስከ 3,500 ይደርሳል። ብዙውን ጊዜ የሚለየው በእግሩ ነው። ኤንቪኤምኢው አንድ ቦታ ነው የተቆረጠው፣ ሳታው ሁለት ቦታ። ያገለገለ ከሆነ ክሪስታልዲስክኢንፎ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ስንት ሰዓት እንደሠራና ስንት ቴራ እንደተጻፈበት እዩ።

ግራፊክስ ካርዱን ነው ያገለገለ የገዛሁት፣ አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋ። ባለ 8 ጊጋም ስላለ ተጠንቀቁ። ያገለገለ ካርድ ገበያው ላይ የበዛው በ2015 ዓ.ም. መስከረም ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ መመረቱ (ማይን መደረጉ) ሲያበቃ ነው። ያኔ ሌት ተቀን ሲሠሩ የነበሩ ካርዶች ተጠራርገው ለሽያጭ ወጡ። ማይን ያደረገ ካርድ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም፤ ፋኑና ሙቀት የሚያሳልፈው ፔስት ግን ደክሞ ሊሆን ይችላል። ከዚህ የከፋው ፌኩ ነው። የዱሮ ካርድ ስሙን በሶፍትዌር ቀይረው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ብለው ይሸጡታል። ጂፒዩ-ዚ የሚባለው ፕሮግራም ብዙዎቹን ለይቶ ፌክ ብሎ ይጽፍባቸዋል። በፍላሽ ይዤው ነው የምዞረው።

አንዱ ሱቅ ካርዱን እዚያው ሰክተን፣ ካርድ አጥብቆ በሚያሠራው ፈርማርክ በሚባል ፕሮግራም 15 ደቂቃ እናሠራው ስለው "ወንድ ልጅ ምሎ ሸጠልሽ እኮ፣ አታምኚም እንዴ?" አለኝ። "ወንድሜ፣ አንተን ሳይሆን ካርዱን ነው የምፈትነው" ብዬው ወጣሁ። ሁለተኛው ሱቅ ወንበር ሰጠኝ፣ ሰካልኝ። ሙቀቱ ወጥቶ አንድ ቦታ ሲቆም፣ ስክሪኑ ላይ አንድም ነጠብጣብ ሳይመጣ ሲቀር ከፈልኩ። ደረሰኝ ላይ ሞዴሉን ሙሉ አስጻፍኩ፣ የስንት ቀን ዋስትና እንደሰጠኝም በእጅ ጻፈልኝ።

ኬዝ ፊቱ መስታወት ሳይሆን ወንፊት የሆነ ምረጡ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ፋን በአንድ ዙር የሚያነሳው ሙቀት ባሕር ዳርቻ ካለ ከተማ ያንሳል። የግንባታው አቧራ ሲጨመርበት ደግሞ የሚታጠብ ማጣሪያ ያስፈልጋል። የእኔን በየወሩ አወጣዋለሁ፣ ሁልጊዜም ግራጫ ሆኖ ነው የማገኘው።

የገጠምኩት ኅዳር 2017 አንድ እሑድ፣ ምግብ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ኬዙ ውስጥ ማዘርቦርዱ የሚያርፍባቸው ትንንሽ የነሐስ ብሎኖች አሉ፤ ቦርዱ ብረቱን እንዳይነካ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው፣ ቁጥራቸውንና ቦታቸውን ከቦርዱ ቀዳዳ ጋር አመሳክሩ። ሁሉን ሰክቼ ሳበራው ፋኑ ዞረ፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ልቤ ቆመ። ቦርዱ ላይ ዲራም (ራሙን ማለቱ ነው) ከሚለው ጽሑፍ ጎን አንዲት ቢጫ መብራት በርታለች። አጥፍቼ፣ ነቅዬ፣ ራሙን አውጥቼ መልሼ ሁለቱን ጫፍ በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። የመጀመሪያው ጊዜ ቀጭ ያለው በአንድ ወገን ብቻ ነበር። አሁን በሁለቱም በኩል ቀጭ አለ። በራ።

የሠርግ ፋይል አያያዜም ተለውጧል። ሚሞሪ ካርዱ የሚጠፋው ቪዲዮው ኮምፒውተሩ ላይና ተነቅሎ ሳጥን ውስጥ የሚቀመጥ ዲስክ ላይ መግባቱን ከፍቼ ካየሁ በኋላ ነው። መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ ይጮሃል፣ ሴቭ አድርጌ አጠፋለሁ፣ ስፒናውን እነቅላለሁ። ሲመጣም ፍሪጅ እንደምንጠብቀው ጥቂት ደቂቃ ጠብቄ ነው የምሰካው። ኤዲቱ ገና ሳይጀመር በመልሱ ማግስት ጥሬውን ቪዲዮ በዲስክ ገልብጬ ለሙሽራዋ እናት እጅ በእጅ አስረክባለሁ።